የድንጋጤ ነርቭ ጥጃ ያሳድጋል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከሱሉልታ ነው። ጠያቂው አራት የወተት ላሞች ያሏቸው አባት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለፈው ሳምንት አንዷ ላሜ ሌሊት ወለደች። ምጡ ከብዷት ስለነበር ጥጃውን ጎትተን ነው ያወጣነው። ደህና ነው፤ ግን ፈዘዝ ይላል። የእንስሳት ሕክምና የምትማረው ልጄ ‹አባዬ፣ ሲምፓቴቲክ ነርቩ ገና ልቡንና ሌላውን የውስጥ አካሉን እየቀረጸ ነው፤ ብርድ እንዳታስመታው› አለችኝ። እኔ የማውቀው ይህ ነርቭ ሲደነግጡ ልብ የሚያስመታ መሆኑን ነው። ድንጋጤ እንዴት አካል ይቀርጻል? ማናችን ነን ልክ? ነርቩን የሚያነቃ መርፌ ካለስ ላስወጋው?»

መልሱን ከፊት ላድርገው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ነርቩ አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ዕድሜው ይለያያል። ለትልቅ እንስሳ የጥድፊያ ነርቭ ነው። ለጨቅላ ግን ግንበኛም ጭምር ነው። ልጅዎን የማርማት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ በኋላ እደርሳለሁ። መርፌውን ግን ይርሱት።

መጀመሪያ ነርቩ የት እንዳለ ላሳይዎት። ለበዓል በግ ሲያርዱ ሳንባው ከወጣ በኋላ ደረቱን ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ የጎድን አጥንቶቹ በሚጀምሩበት ላይ፣ ቀጭን ነጣ ያለ ክር ይታያል። በየመሃሉ እንደ መቁጠሪያ ቋጠሮ ቋጠሮ አለው። የነርቭ ሴሎቹ ያሉት ቋጠሮዎቹ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚነሱት ክሮች ብዙውን ጊዜ ከደም ሥር ጋር ተያይዘው ወደ ልብ፣ ወደ ቆሽት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ስብ፣ ወደ ቆዳ ይሄዳሉ። ጫፋቸው ላይ የሚለቁት ኬሚካል ኖርአድሬናሊን ይባላል። ኩላሊት አጠገብ ያለችው ትንሽ ዕጢ ደግሞ አድሬናሊን በቀጥታ ወደ ደም ትለቃለች።

የእርስዎ ዕውቀት የመጣው ከአሜሪካዊው ተመራማሪ ዋልተር ካነን ነው ማለት ይቻላል። እንስሳ ሲደነግጥ ወይ ለመጋደል ወይ ለመሸሽ ሰውነቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዳው እሱ ነው። ካነን ያንን ክር በሁለቱም ጎን ከድመቶች ላይ በቀዶ ሕክምና አወጣው። ድመቶቹ አልሞቱም። ሞቅ ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ብርድ ላይ ሲወጡ ግን ሙቀታቸውን መጠበቅ አቃታቸው። ከዚህ በመነሳት «ይህ ነርቭ ለክፉ ቀን ብቻ ነው» የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ድመቶቹ ግን ያደጉ ነበሩ። አካላቸው ተሠርቶ ያለቀ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግንበኛውን ብታባርረው ግድግዳው አይፈርስም።

አሁን ወደ ጥጃዎ ሌሊት እንመለስ። እኔ ዛሬ ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የአካልን አሠራር፣ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት በለገጣፎና በሰንዳፋ መስመር በሞተር እየዞርኩ ላም አዋልድ ነበር። የታኅሣሥን ሌሊት አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ጥጃው ዱብ ሲል ገላው እንደ ድስት ይጨሳል። ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ ማሕፀን ወጥቶ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ በረት ውስጥ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ተዘረረ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ፣ መሞቅና ስኳሩን ማስተካከል አለበት። ሦስቱንም የሚያግዙት ይኸው የድንጋጤ ነርቭና ዕጢው ናቸው።

ሳንባውን እንውሰድ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው ጥጃውን በኋላ እግሩ ሰቅሎ «ውሃውን» ያፈስሳል። የሚወርደው ግን አብዛኛው ከሆዱ ነው። የሳንባውን ውሃ ከውስጥ የሚያደርቀው በዋናነት አድሬናሊን ነው። በሳንባው ግድግዳ ሴሎች ላይ ያሉትን የጨው በሮች ይከፍታል። ጨው ሲገባ ውሃው ይከተለዋል። የአየር ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርገው ቅባት መሰል ፈሳሽም እንዲለቀቅ ያዛል። በሰው ልጅም ያው ነው። ምጥ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን የሚወለዱ ሕፃናት ላይ ይህ የአድሬናሊን ማዕበል ያንሳል፤ ሳንባቸው ላይ ውሃ ቀርቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱትም በብዛት እነሱ ናቸው። ምጥ ለሕፃኑም ሥራ አለው።

አንድ ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። አዲስ በተወለደች አይጥ ላይ ከአከርካሪ ወደዚያች ዕጢ የሚሄደው ነርቭ ገና ሥራ አልጀመረም። ግን ኦክስጅን ሲያንሳት ዕጢዋ ያለ ማንም ትእዛዝ አድሬናሊን ታፈሳለች። በእኛ ዳር ሠፈሮች መብራት ሳይገባ ሰው በጀነሬተር እንደሚኖረው ማለት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነርቩ ሲደርስ ያ የራስ ችሎታ ይጠፋል። መስመሩ ገባ፣ ጀነሬተሩ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ዕጢዋ የምትነሳው ነርቩ ሲያዛት ነው። እዚህ ላይ ነው ነርቩ አካል መቀየሩ የሚታየው። መጥቶ ሥራ አስጀመረ ብቻ አይደለም፤ የዕጢዋን ጠባይ ራሱን ለወጠው።

ሙቀቱ ደግሞ ከስብ ይመጣል። ጥጃና የበግ ግልገል ሲወለዱ በኩላሊታቸው ዙሪያ ቡናማ ስብ የሚባል አለ። ተራው ስብ ጎተራ ነው፤ ቡናማው ምድጃ ነው። የነርቩ ጫፍ ኖርአድሬናሊን ሲለቅበት ጡንቻ ሳይንቀጠቀጥ ሙቀት ያመነጫል። የአሳማ ግልገል ይህን ምድጃ የሚያሠራው ፕሮቲን ስለሌለው ከውልደቱ ጀምሮ በመንቀጥቀጥ ይሞቃል። ቢሾፍቱ አካባቢ አሳማ የሚያረቡ ሰዎች ለግልገሎቹ አምፖል የሚሰቅሉት ወደው አይደለም።

አንድ ጊዜ በተወለደ በሁለተኛው ቀን የሞተ ጥጃ ከፍቼ አይቻለሁ። ባለቤቱ «በሽታ ነው፣ ሌሎቹ ላይ እንዳይጋባ» ብሎ ነበር የጠራኝ። ሳንባው ደህና፣ አንጀቱ ደህና። ኩላሊቱ ዙሪያ ግን ስቡ አልቆ ጠቆር ያለ ቀይ፣ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሆዱ ውስጥ የወተት ጠብታ የለም። ነርቩ «አንድድ» እያለ ያለ እረፍት አዝዟል። ምድጃውም ታዟል። ማገዶው ግን አለቀ። ይህን ለባለቤቱ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ማታ እናቱ ረግጣ እንዳትገድለው ብዬ ለይቼው ነበር» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ብዙ ሰው ያደርገዋል።

እስካሁን ያልኩት ነርቩ ሲያዝዝ ነው። መቅረጹስ?

እዚህ ላይ የጣሊያኗን ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲ ሲያባርር ቱሪን ውስጥ መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አደረገች። የምትሠራበት ዕቃ የዶሮ እንቁላል ነበር። በኋላ አሜሪካ ሄዳ ከስታንሊ ኮኸን ጋር ነርቭ የሚያሳድግ ፕሮቲን አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸለሙበት። ነገሩ እንዲህ ነው። አካሉ፣ ማለትም ልቡ ወይም ቆዳው፣ ይህን ፕሮቲን በትንሽ በትንሹ ያመነጫል። ወደ እሱ የደረሰ ነርቭ ይመገበዋል። ያላገኘ ይሞታል። በአይጥ አንገት ላይ ባለው ትልቁ የሲምፓቴቲክ ቋጠሮ ውስጥ ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ሴሎች በውልደት ሰሞን እንዲሁ ይረግፋሉ። ስንት ነርቭ እንደሚቀር የሚወስነው የሚቀበለው አካል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ያንን ፕሮቲን የሚያመክን ሴረም ለጨቅላ አይጦች ተወጋ። የሲምፓቴቲክ ቋጠሮዎቻቸው ጠፉ ማለት ይቻላል። አልተመለሱም። በኋላ 6-ሃይድሮክሲዶፓሚን በሚባል ኬሚካልም ተሞከረ። ያደገ እንስሳ ሲወጋ የነርቩ ጫፎች ይረግፋሉ፤ ቆይተው ግን ተመልሰው ይበቅላሉ። ጨቅላው ሲወጋ ሴሉ ራሱ ይሞታል፤ ጉዳቱ ለዕድሜ ልክ ነው። መድኃኒቱ አንድ፣ ነርቩ አንድ፣ የተለያየው ዕድሜ ብቻ ነው። ልጅዎ «ገና» ያለችው ይህንን ነው።

እነዚህ ነርቭ አልባ እንስሳት ለተመራማሪዎች ትልቅ በር ከፈቱ። ነርቩ ሳይኖር ያደገ አካል ምን ይመስላል ብሎ ማየት ተቻለ።

ልብ ከሁሉም የበለጠ ተጠንቷል፤ ለእኔም የሚጥመኝ እሱ ነው። የልብ ጡንቻ ሴል ከውልደት በኋላ ለጥቂት ቀናት ይባዛል። ከዚያ መባዛቱን አቁሞ መወፈር ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድገት በአብዛኛው በውፍረት ነው፤ የቁጥሩ ነገር በዚያ አበቃ። ለአይጥ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት የአንድ ቀን ዕድሜ ያላትን አይጥ የልብ ጫፍ ቢቆርጡት መልሶ እንደሚበቅል፣ በ7 ቀኗ ግን ጠባሳ ብቻ እንደሚሆን አሳየ። ነርቩ ወደ ልብ ተስፋፍቶ የሚገባውም በዚሁ ሰሞን ነው። እንዲሁ መገጣጠም ነው? አይመስልም። በአንዳንድ የአይጥ ጥናት ላይ ነርቩ ቀድሞ ከጠፋ የልብ ሴሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይባዛሉ፤ ብዛታቸው ይጨምራል፣ መጠናቸው ያንሳል። ማለትም ነርቩ «በቃ መብዛት፤ አሁን ሥራ» የሚል ፎርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኖርአድሬናሊንን ምልክት የሚዘጋው ፕሮፕራኖሎል ለጨቅላ አይጦች ሲሰጥ የልብ ሴሎቻቸው ቁጥር ጨመረ።

ነርቩ የልብ ጠላት ነው እንዳይሉ ሌላኛውን ጎን ልጨምር። ያው የተቆረጠው የጨቅላ አይጥ ልብ መልሶ እንዲበቅል ነርቩ ተመልሶ መግባት አለበት። ነርቩ ከተከለከለ ልቡ አይድንም፤ ጠባሳ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ውጤቶች የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ አልልም። በደህና ጊዜ ግንባታውን መጨረስ አንድ ሥራ ነው። የፈረሰውን መጠገን ሌላ ሥራ ነው። ፎርማኑ ለሁለቱም የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ አይሆንም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የአይጥ ቆሽት በእድገት ላይ ሳለ ይህ ነርቭ ከተወሰደበት ኢንሱሊን የሚሠሩት የሴል ጉብታዎች ቅርጻቸው ይበላሻል፤ ኢንሱሊን አለቃቀቃቸውም ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሥራ ነው። በሰው ሕፃን ደግሞ በወሊድ ጊዜ በመጎተት የአንገቱ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ከተጎዳ፣ በዚያ በኩል ያለው ዓይን ቆቡ ዝቅ ይላል፣ ብሌኑ ይጠባል። ከዚያ በላይ ግን የዚያ ዓይን ቀለም ከሌላኛው ፈዝዞ ሊቀር ይችላል። ቀለም ሠሪዎቹ ሴሎች ነርቩን ፈልገው ነበርና። ትልቅ ሰው ላይ ያው ጉዳት ሲደርስ ቆቡም ብሌኑም ያው ይሆናሉ፤ ቀለሙ ግን ባለበት ነው። አንድ ፊት ላይ ሁለት ዓይን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም።

የላብ ዕጢዋ ነገር ደግሞ ትዳር ይመስላል። በአይጥ መዳፍ ላይ ወዳሉት የላብ ዕጢዎች የሚደርሰው ነርቭ ሲመጣ ኖርአድሬናሊን የሚለቅ ነው። ዕጢዋ ግን ያንን አትፈልግም። የራሷን ምልክት ትልክበትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሴቲልኮሊን ወደሚባል ሌላ ኬሚካል ታስቀይረዋለች። በሌላ በኩል ነርቩ ጨርሶ ካልመጣ ዕጢዋ ላብ ማውጣት አትማርም። እሱ ይቀርጻታል፣ እሷም ትቀርጸዋለች። ማን ማንን ሠራ ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ልጅዎን ላርማት። ያልኩት ሙከራ አብዛኛው የአይጥ ነው። አይጥ ስትወለድ ዓይኗ የተገጠመ፣ ገላዋ ራቁት፣ እግሯ የማይሸከማት ናት። ጥጃ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል፤ ከሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይቆማል። አይጧ ከተወለደች በኋላ የምትሠራውን አብዛኛውን ሥራ ጥጃው ማሕፀን ውስጥ ጨርሶ ነው የመጣው። ስለዚህ የአንድ ሳምንት አይጥን ከአንድ ሳምንት ጥጃ ጋር ማወዳደር ልክ አይሆንም፤ ይልቅ ከመወለዱ በፊት ካለው ጥጃ ጋር ያወዳድሯት። «ነርቩ አካል ይቀርጻል» የሚለው እውነት ነው። ለጥጃዎ ግን ዋናው የመቅረጫ ጊዜ ያለፈው ላሟ ሆድ ውስጥ ሳለ ነው። የሚቀረው ማጠናቀቂያው ነው።

ይህ ደግሞ ወጪ የሚያስቀይር ነገር ነው። የጥጃው ክብደት አብዛኛው የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ያ ቡናማ ስብም የሚከማቸው ወደ መጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ላሟ ከወተት ስትደርቅ «አሁን ምን ትሰጠኛለች» ብሎ ፉርሽካና ፋጉሎውን ይቀንስባታል። ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ነው፤ ድርቆሽ ብቻውን ግን በዚያ ሰዓት አይበቃትም። ምድጃው ውስጥ ማገዶ የሚገባው ያኔ ነው።

መርፌው ላይ ልመለስ። አድሬናሊን ሐኪም ዘንድ አለ፤ ለከባድ አለርጂና ልብ ሲቆም። ጨቅላ ጥጃን «ለማንቃት» ቢወጋ ያንኑ ማገዶ በአንዴ ማቃጠል ነው። ግንባታውን በተመለከተማ ከላይ እንዳዩት ነርቩ ለልብ ሴል ፍሬን ይሆናል። ነርቩ በየአካሉ በር ላይ፣ በሰዓቱ፣ በጠብታ የሚሰጠውን ነገር በመርፌ ደሙ ሁሉ ውስጥ ማፍሰስ የአናጢን ሥራ በዶዘር እንደመሥራት ነው።

ጥጃዎ ፈዘዝ ያለው ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ተጎትቶ የተወለደ ጥጃ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ኦክስጅን አንሶት፣ ደሙ ውስጥ አሲድ በዝቶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ጥጃ ሙቀት የማመንጨት አቅሙም ዝቅ ይላል፣ ለመጥባትም ይሰንፋል። ካልጠባ ደግሞ እንገሩ ያመልጠዋል። የላም የበሽታ መከላከያ በእንግዴ ልጅ አያልፍም፤ በእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ የሚቀበለውም እስከ 24 ሰዓት ገደማ ነው፣ በየሰዓቱ እየቀነሰ። ስለዚህ በሚቀጥለው ወሊድ በገለባ እሹት፣ አድርቁት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንገር አጠጡት። ማሸቱ ራሱ ትንፋሹን ያነቃዋል። እርስዎ የፈለጉት «ነርቭ የሚያነቃ መርፌ» እጅዎ ላይ ያለው ገለባ ነው።

የአሁኑ አንድ ሳምንት ስለሆነው እንገሩ አልፏል፤ ቡናማው ስብም ወደ ተራ ስብ እየተቀየረ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያሞቀው ወተቱ፣ ጉዝጓዙና እንቅስቃሴው ነው። ደረቅ ጭድ እግሩ እስኪሸፈን ድረስ ያንጥፉለት። ማታ ማታ የማዳበሪያ ጆንያ ጀርባው ላይ ቢያስሩለትም አይጎዳውም። ጠዋት ሁለት ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ። ሞቅ ያለና ጣትዎን ጨምድዶ የሚጠባ ከሆነ ደህና ነው። እትብቱን ይዳስሱት፤ ካበጠ ወይም ሲነኩት ካመመው ቁስል ይዟል። ቴርሞሜትር ካለዎት በፊንጢጣው ይለኩት። ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ መሆን አለበት። አፉ ከቀዘቀዘ፣ ወይ ዲግሪው ከ38 በታች ከወረደ፣ ወይ ከ39.5 በላይ ከወጣ ልጅዎ ከትምህርት እስክትመለስ አይጠብቁ፤ በዚያው ጠዋት ሐኪም ይጥሩ።